ልጄ አተኮሰው፤ ቤት ውስጥ ምን ላድርግለት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ ሲመሽ ዓይኑ ፈዘዝ ይልና ጭናችሁ ላይ ድፍት ይላል። ግንባሩን ትነኩታላችሁ፤ እሳት ነው። ክሊኒኩ ተዘግቷል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የየራሱን ምክር ይሰጣል። እናንተም ስልካችሁን ታነሳላችሁ።

ከታች ያሉት ያን ሰዓት የሚነሱት ጥያቄዎች ናቸው። የጻፍኳቸው ሁለት ልጅ ይዤ ብዙ ሌሊት ቁጭ ብዬ ያነጋሁ ወላጅ ሆኜ ነው። ልጃችሁን ያየው የጤና ባለሙያ ሌላ ነገር ከነገራችሁ የእሱን ስሙ። ጊዜ የሌላችሁ ደግሞ ሌላውን ዝለሉትና «ሳልውል ሳላድር» የሚለውን ጥያቄ አሁኑኑ አንብቡ።

ትኩሳት አለው የሚባለው ስንት ሲደርስ ነው?

በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው። በፊንጢጣ ሲለካ ደግሞ 38 እና ከዚያ በላይ። ብብት ከሰውነት ውስጠኛው ክፍል ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ ነው ልዩነቱ።

ሁላችንም የምናውቀው «37 ዲግሪ ጤነኛ ነው» የሚለው ነገር እ.ኤ.አ. በ1868 ሥራውን ካሳተመው ከጀርመናዊው ሐኪም ከካርል ቩንደርሊሽ የመጣ ነው። 25 ሺህ ገደማ ሕሙማንን ለክቶ ያገኘው አማካይ ነው። አማካይ ነው እንግዲህ፤ የእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር አይደለም። የሰውነት ሙቀት ንጋት ላይ ዝቅ፣ ወደ ማታ ከፍ ይላል። ትኩሳት ማታ ማታ የሚብሰውም በከፊል ለዚህ ነው። ሲያለቅስ የቆየ፣ ከሙቅ ውሃ የወጣ ወይም በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ልጅም ያለ ሕመም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩት።

በእጄ ዳስሼ ማወቅ አልችልም?

ግማሽ በግማሽ። ነክታችሁት «አይ፣ አልሞቀም» ካላችሁ ብዙ ጊዜ ልክ ናችሁ። «በጣም ሞቋል» ስትሉ ግን እጅ ማጋነን ይወዳል። በተለይ የእናንተ እጅ ቀዝቃዛ ከሆነ። ከነካችሁ አይቀር ደግሞ ደረቱን ወይም ጀርባውን ንኩ። ትኩሳቱ ሽቅብ እየወጣ ባለበት ሰዓት የልጅ እጅና እግር በረዶ ሊሆን ይችላል፤ ሆዱ እየነደደ።

ቴርሞሜትሩን እንዴት ልያዝ?

ዲጂታሉ ይበቃል። ብብቱን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት፤ ላብ ካለ ቁጥሩን ያወርደዋል። ጫፉን ብብቱ መሀል ላይ አስገቡ፤ ልብስ እንዳይገባበት። ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፋችሁ አቅፋችሁ ያዙት፤ ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ። ትንሽ ልጅ ሲሆን ጡት እየጠባ መለካት ይቀላል።

የጆሮው ዓይነት ለጨቅላ አይመከርም፤ የጆሮው ቀዳዳ ጠባብ ነውና። ግንባር ላይ የሚለጠፈውን ስትሪፕ አትመኑት። የድሮውን ባለ ሜርኩሪ ብርጭቆ አሁንም የምትጠቀሙ ካላችሁ ተዉት። ከተሰበረ ሜርኩሪውን በባዶ እጅ አትንኩ፣ ልጆቹን ከክፍሉ አውጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ እንክብሎቹን በወፍራም ወረቀት ሰብስባችሁ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርጉ።

ግን ትኩሳቱ ራሱ ልጁን አይጎዳውም? አንጎሉን ያቃጥለዋል ይባላል።

ይህች ፍርሃት ናት እንቅልፍ የምትነሳን። ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎላችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ሲገባ ሰውነት የሚልካቸው ኬሚካሎች እዚያ ደርሰው «37 ነበርን፤ አሁን 39 እንሁን» ያሰኙታል። ሰውነት ደግሞ 37 ላይ ሆኖ ራሱን እንደ በረደው ይቆጥራል። ስለዚህ ልጁ ይንዘፈዘፋል፣ እጅ እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ልብስ ደርቡልኝ ይላል። ሙቀቱ 39 ላይ ሲደርስ ብርዱ ይተወዋል። ሊወርድ ሲል ደግሞ ላብ በላብ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሰውነት አስቦበት የሚያደርገው መከላከል ነው። ስለዚህም ጣራ አለው። በተራ ኢንፌክሽን የሚመጣ ትኩሳት ከ41 ዲግሪ የሚያልፈው በጣም አልፎ አልፎ ነው፤ ትኩሳቱ በራሱም አንጎል አያበላሽም። አንጎልን የሚጎዳው እንደ ማጅራት ገትር ያለው በሽታው ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተረሳ ልጅ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ሰውነት ሙቀቱን ራሱ አላወጣውም፤ ከውጭ ነው የተጫነበት። ይህ ድንገተኛ አደጋ ነው።

እሺ፣ ቁጥሩን ካልሆነ ምኑን ልይ?

ልጁን። 39.5 አሳይቶ አሻንጉሊቱን የሚያሳድድ ልጅ አለ። 38.2 ብቻ ሆኖ ስትጠሩት ዞር ብሎ የማያይ ልጅም አለ። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው።

ትኩሳቱ ሽቅብ ሲወጣ ማንኛውም ልጅ ይጠወልጋል። ስለዚህ ጥሩው መመልከቻ ሰዓት መድኃኒቱ ሠርቶ ትኩሳቱ በረድ ሲል ነው። ያኔ ዓይናችሁን ያያል? ውሃ ስትሰጡት ይቀበላል? የሚወደውን ነገር ስታሳዩት ፈገግ ይላል? የሆነ ነገር ስትከለክሉት ይቆጣል? የልጄ ቁጣ እንደዚያ ሰዓት አስደስቶኝ አያውቅም። ትኩሳቱ ወርዶም ፍዝዝ እንዳለ ከቀረ ግን ቁጥሩ ምንም ይበል ምን ሐኪም ይየው።

ምን ምን ካየሁ ነው ሳልውል ሳላድር ሐኪም ቤት የምሄደው?

በመጀመሪያ ዕድሜው። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ደህና ቢመስልም፣ እየሳቀ ቢሆንም፣ በዚያው ሰዓት ይሂድ። በብብት ለክታችሁ 37.5 ካለፈም ሂዱ። በዚህ ዕድሜ ከባድ ኢንፌክሽን ምልክቱን ይደብቃል። ጨቅላ ሆኖ ሰውነቱ ከ36 በታች ከቀዘቀዘም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያለው ደግሞ 39 ከደረሰ በዚያው ቀን ይታይ።

በየትኛውም ዕድሜ ደግሞ እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ። ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው። የሚገባውን ሁሉ ከመለሰው። ካንቀጠቀጠው። ልትቀሰቅሱት ብትሞክሩ የማይነቃ፣ ወይም ነቅቶ ተመልሶ የሚደነዝዝ ከሆነ። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ወይም የሚያቃስት ከሆነ። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ። አንገቱ ደርቆ አገጩን ወደ ደረቱ ማምጣት ካቃተው። የአናቱ እርግብግቢት ካበጠ ወይም ከሰረጎደ። ስታቅፉት ጸጥ ከማለት ይልቅ ሲነኩት የሚጮህ ከሆነ።

ሽፍታም አለ። ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ ካያችሁበት የብርጭቆ ጎን ጫን አድርጉበት። ስትጫኑት የማይጠፋ ነጠብጣብ የደም መመረዝ ወይም የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ እየሮጣችሁ ሂዱ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም። መዳፉን፣ የእግሩን ውስጥ፣ የዓይኑን ሽፋን ገልበጥ አድርጋችሁና የላንቃውን ጣራ እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። «አንድ ነገር ሆኗል፤ ልጄ እንዲህ አይደለም» የሚል ስሜት ከመጣባችሁና ምክንያቱን መናገር ካቃታችሁም ሂዱ። በከንቱ ሄዳችሁ «ደህና ነው» ቢሏችሁ ምንም አልጎደለባችሁም።

ትንፋሹ ፈጠነ የሚባለው መቼ ነው?

ሲረጋጋ ጠብቁ። ሲያለቅስ ወይም ሲጠባ የተቆጠረ ትንፋሽ ዋጋ የለውም። ቢተኛ ደግሞ በጣም ጥሩ። ልብሱን ከፍ አድርጉና ሆዱን እዩ። አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። የስልካችሁን ሰዓት ከፍታችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አይሠራም፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይቆማል።

ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል። ሳልና ትኩሳት ባለበት ልጅ ላይ ይህ የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ።

ፓራሲታሞል ስንት ልስጠው?

በዕድሜው ሳይሆን በኪሎው። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው ሂሳቡ። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ይወስዳል ማለት ነው። ሦስት ወር ላልሞላው ግን ባለሙያ ሳያየው በራሳችሁ አትስጡት።

አሁን ጠርሙሱን አዙሩና ጽሑፉን አንብቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም አለው። ሌላው በዚያው 5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም። ለ10 ኪሎው ልጅ ከመጀመሪያው 5 ሚሊ ሊትር ልክ ነው። ከሁለተኛው ግን ግማሹ፣ 2.5 ሚሊ ሊትር ብቻ። በጠብታ የሚሸጠው ደግሞ ከሁለቱም የጠነከረ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊግራም ያለው አለ። እሱን እንደ ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር የሰጠ ሰው 500 ሚሊግራም ሰጠ ማለት ነው።

እኔም ደርሶብኛል። አሮጌው ጠርሙስ አለቀና አዲስ ገዛሁ። ቀለሙ ያው፣ ሽታው ያው፣ ሥዕሉ ያው። በለመድኩት ልክ ቀድቼ ሲሪንጁን አፉ ላይ ሳደርስ ነው ጽሑፉ ዓይኔ ውስጥ የገባው፤ 250። እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ በገዛሁ ቁጥር የልጁን ልክ በእስክሪብቶ ፕላስተር ላይ ጽፌ እለጥፍበታለሁ።

የወጥ ቤት ማንኪያ ይቅርባችሁ። አንዱ ማንኪያ 3 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው 7 ይይዛል። አብሮት የመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሙ። ሲሪንጁን ወደ ጉሮሮው ሳይሆን ወደ ጉንጩ ውስጥ አዙራችሁ ቀስ በቀስ ግፉት፤ አይተፋውም፣ ትንም አይለውም።

በስንት ሰዓት ልዩነት? ቢያስመልሰውስ? ለመድኃኒት ልቀስቅሰው?

ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። ከ30 ደቂቃ በፊት ካስመለሰው ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ከሆነ ገብቶለታል፤ ቀጣዩን ሰዓት ጠብቁ። ስንት እንደዋጠ ካላወቃችሁም አትድገሙ።

የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም። እንቅልፉ ከሽሮፑ ይበልጥበታል። መተኛቱ ጤናማ እንቅልፍ መሆኑን ግን አንዴ ሁለቴ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ትንፋሹን ስሙ፣ ነካ ስታደርጉት ይገላበጥ እንደሆነ አረጋግጡ።

የጉንፋን ሽሮፕ አብራችሁ የምትሰጡ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ፤ ሳታውቁት እጥፍ ትሰጣላችሁ። ለትንንሽ ልጆች የጉንፋን ሽሮፕ ባይሰጥ ነው የሚሻለው። ከልክ በላይ የሆነ ፓራሲታሞል ጉበት ይጎዳል። ክፋቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ልጁ ምንም ላይመስል ይችላል። ብዙ ሰጥቼዋለሁ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ።

አይቡፕሮፌንስ? አስፕሪንስ?

አይቡፕሮፌን ይሠራል። ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ለአንድ ኪሎ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ልዩነት። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ተቅማጥና ትውከት ይዞት ፈሳሽ ላነሰው ልጅም አይሰጥ፤ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ቺክን ፖክስ ለያዘው፣ ማለትም ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ላወጣው ልጅም ይቅር።

ሁለቱን በአንድ ላይ አትስጡ። በአንዱ ጀምሩ። ልጁ ቀጣዩ ሰዓት ሳይደርስ በጣም ከተሰቃየ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል፤ ግን ያኔ ምን ስንት ሰዓት እንደሰጣችሁ ካልጻፋችሁ መምታታቱ አይቀርም። በተለይ አባት አንዱን፣ እናት ሌላውን የሚሰጡበት ቤት።

አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። አንጎልና ጉበትን የሚያጠቃ፣ ሬይ ሲንድሮም የሚባል ብርቅ ግን ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ሰጥቼው ትኩሳቱ ሙሉ በሙሉ አልወረደም። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

አይደለም። መሥራት ለመጀመር ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ሲሠራም የሚያወርደው አንድ ወይም አንድ ተኩል ዲግሪ ያህል ነው። 40 የነበረው 38.7 ከሆነ ሠርቷል። ዓላማው ልጁን ከሕመም ማሳረፍ ነው እንጂ 37 ላይ ማቆም አይደለም። 38.3 ሆኖ የሚጫወት ልጅ ጨርሶ ሽሮፕ ላያስፈልገው ይችላል። ሰዓቱ ሲያልቅ ትኩሳቱ ተመልሶ ቢወጣም አትደንግጡ፤ መድኃኒቱ ትኩሳቱን እንጂ በሽታውን አይነካም።

በቀዝቃዛ ውሃ ልጠበው? አልኮል ልቀባው?

ሁለቱም ይቅሩ። ቀዝቃዛ ውሃ ቆዳ ላይ ያሉትን ደም ስሮች ያጠባቸዋል፤ ሙቀቱ ውስጥ ይታመቃል። ልጁም ይንዘፈዘፋል፣ መንዘፍዘፉ ደግሞ ሌላ ሙቀት ያመርታል። አልኮል ይባስ ነው። በቆዳውና በትንፋሹ ገብቶ ሊመርዘው ይችላል።

ለብ ያለ ውሃ የነካ ጨርቅስ? የሚያወርደው ጥቂት ነው፤ ለአጭር ጊዜ ነው። ብዙ ልጅ ደግሞ ይጠላዋል። ልጃችሁ ግንባሩ ላይ ጨርቅ ሲደረግለት ደስ ካለው አድርጉለት፤ ካለቀሰ ተዉት።

ልጠቅልለው ወይስ ልብሱን ላውልቅለት?

አንድ ስስ ልብስ። ብርድ ብርድ ሲለው አንድ ቀላል ነገር ጣል አድርጉበት፤ ሲያልበው አንሱት። «ያልበውና ይወጣለታል» ብሎ በሦስት ብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱን ይጨምራል እንጂ በሽታ አያወጣም። ራቁቱን አድርጎ ማራገቢያ ማዞርም የተገላቢጦሹ ስሕተት ነው። መስኮቱ ትንሽ ገርበብ ይበል።

ምግብ አልበላም አለ።

አይብላ። ሁለት ሦስት ቀን ትንሽ ቢበላ ምንም አይሆንም፤ ሲሻለው ይክሰዋል። የምትለማመጡት ለመጠጥ ነው። ትኩሳት በቆዳና በትንፋሽ ብዙ ውሃ ያስወጣል።

ጡት የሚጠባ ከሆነ ቶሎ ቶሎ አጥቡት፤ ስድስት ወር ላልሞላው ጡት ይበቃዋል፣ ውሃ አይጨመርበትም። ከፍ ላለው በየአምስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ፣ ወይም በሲሪንጅ ትንሽ ትንሽ። ሙሉ ብርጭቆ ስታቀርቡለት ፊቱን ያዞራል፤ ከእናንተ ብርጭቆ ሰርቆ ሲጠጣ ግን ደስ ይለዋል። ይስረቅ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ ኦ አር ኤስ ስጡ። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ልክ መበጥበጥ አለበት፤ ውሃ አሳንሶ ማወፈር ጉዳት አለው።

ፈሳሽ እንዳነሰው የምታውቁት ከዳይፐሩ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሽንት ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ አፉ ከደረቀ፣ ዓይኑ ከሰረጎደ ወደ ሐኪም።

ድንገት አንቀጠቀጠው። ምን ላድርግ?

ያየ ሰው አይረሳውም። ዓይኑ ወደ ላይ ይገለበጣል፣ ሰውነቱ ይገተራል፣ እጅ እግሩ ይንፈራገጣል፣ ምራቅ ያዝረከርካል። ወላጅ ልጄ ሞተ ብሎ ነው የሚያስበው። በትኩሳት የሚመጣ ማንቀጥቀጥ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች የሚታይ ሲሆን፣ ከመቶ ልጆች ከሁለት እስከ አምስቱን ያጋጥማል። አብዛኛው ከአምስት ደቂቃ በፊት በራሱ ይቆማል፤ አንጎልም አይጎዳም።

ወለል ላይ አስተኙት። በጎኑ አዙሩት፤ ምራቁና ትውከቱ ወደ ውጭ እንዲፈስ። አጠገቡ ያለውን የሚመታው ነገር አንሱ። ሰዓት እዩ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳል፣ ሐኪሙ ግን መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። አፉ ውስጥ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውሃም፣ ሽሮፕም አታስገቡ። ምላሱን አይውጥም። ይዛችሁ ለማስቆምም አትታገሉ።

አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም ደጋግሞ ከመጣበት ድንገተኛ እርዳታ ጥሩ። ቶሎ ቢቆምም እንኳ የመጀመሪያው ከሆነ በዚያው ቀን ይመርመር። ከቆመ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ቢፈዝና ቢተኛ የተለመደ ነው። አንዴ ከገጠማቸው ልጆች ሲሶ ያህሉ በሌላ ትኩሳት ይደግማቸዋል። ሽሮፕ ቀድሞ መስጠት ይህን እንደማይከላከል ማወቅ ጥሩ ነው፤ «ምነው ቀድሜ በሰጠሁት» ብላችሁ ራሳችሁን እንዳትወቅሱ።

ጥርስ እያወጣ ነው፤ ከዚያ ይሆናል?

ጥርስ ሙቀትን ትንሽ ከፍ ቢያደርግ ነው። 38 ያለፈ ትኩሳትን በጥርስ አታሳብቡ። ጥርስ የሚወጣበት ዕድሜና ከእናቱ ያገኘው መከላከያ የሚቀንስበት ዕድሜ አንድ ላይ ስለሚገጥሙ ጥርስ ብዙ ያልሠራው ኃጢአት ይለጠፍበታል።

የተከተበ ቀን አተኮሰው።

የተለመደ ነው፤ አብዛኛው በሁለት ቀን ውስጥ ያልፋል። የኩፍኝ ክትባት ግን ዘግይቶ ነው የሚያተኩሰው፤ ከሳምንት እስከ 12 ቀን ገደማ ቆይቶ። ሦስት ወር ላልሞላ ሕፃን የተከተበም ቢሆን ደውላችሁ ወይም ሄዳችሁ ባለሙያ ጠይቁ።

ካለፈው የተረፈ አንቲባዮቲክ አለኝ። ልጀምርለት?

አይሆንም። አብዛኛው የልጅ ትኩሳት ከቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። ባክቴሪያ ከሆነም የተሳሳተው መድኃኒት ምልክቱን ይሸፍንና ሐኪሙን ያሳስተዋል። ተበጥብጦ የቆየ ሽሮፕ ደግሞ ከቀናት በኋላ ኃይሉን ያጣል።

የምንኖረው ወባ ባለበት አካባቢ ነው።

እንግዲያውስ ከላይ «ጠብቁ፣ እዩት» ያልኩት ለእናንተ አይሠራም። ወባ ባለበት የሚኖር ወይም በቅርቡ ከዚያ የተመለሰ ልጅ ካተኮሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይመርመር። ከጣቱ በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ትኩሳቱ በመሀል ጠፍቶ መዋሉም አያታላችሁ፤ ወባ እየሄደ ይመለሳል። በትንሽ ልጅ ላይ በአንድ ቀን ሊከፋ ይችላል።

ስንት ቀን ልጠብቅ? ስሄድስ ምን ልበል?

የቫይረስ ትኩሳት ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ሌላ ክፉ ምልክት ባይኖርም ሦስት ቀን ካለፈው ይታይ። ትኩሳቱ ለቆት አንድ ቀን ደህና ውሎ ተመልሶ ከመጣም እንዲሁ። ሳል የለ፣ ንፍጥ የለ፣ ተቅማጥ የለ፣ ትኩሳት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሽንቱን እንዲመረምሩት ጠይቁ። የሽንት ኢንፌክሽን በትንንሽ ልጆች ላይ፣ በተለይ በሴቶቹ፣ ከትኩሳት በቀር ምንም ላያሳይ ይችላል።

ስትሄዱ አንድ ቁራጭ ወረቀት ያዙ። መቼ ጀመረው፣ ከፍተኛው ስንት ደረሰ፣ ምን መድኃኒት ስንት ሚሊ ሊትር በስንት ሰዓት ሰጣችሁት፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ሸና፣ ስንት ኪሎ ነው። እንቅልፍ ያጣ ወላጅ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ የልጁን ልደት እንኳ ይረሳል። የመድኃኒቱንም ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ።

መቼ ወደ ትምህርት ቤት ይመለስ?

ያለ ሽሮፕ 24 ሰዓት ሳያተኩሰው ከዋለና ካደረ፣ ጨዋታውም ከተመለሰ። ጠዋት ሽሮፕ አጠጥቶ መላክ አይሠራም፤ እኩለ ቀን ላይ ተደውሎ ትጠራላችሁ።